«የእናቴ አያትና የእሱ አያት ወንድምና እህት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ምኔ ይባላል?»

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የእናቴ ሴት አያትና አሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን ወንድ አያት ወንድምና እህት ናቸው፤ መነሻቸው የሐይቅ ከተማ ነው። ሰውየው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አጎቴ እያልኩ ነው ያደግሁት። አሁን ልጁን ሊድር ስለሆነ የግብዣ ደብዳቤ ልኮልኛል፤ በደብዳቤው ግን ከዚን ብሎ ጽፎኛል። የቪዛውን ፎርም ስሞላ አጎቴ ነው ልበል ወይስ ከዚን? ሙሽራዋስ ምኔ ናት?»

መልሱን ላስቀድም። ሰውየው ለእርስዎ «ሰከንድ ከዚን ዋንስ ሪሙቭድ» ነው፤ እርስዎም ለእሱ ያው ነዎት። ሙሽራዋ «ሰርድ ከዚን» ትሆንዎታለች። ዘመድዎ ከዚን ብሎ መጻፉ ስሕተት የለውም፤ ርቀቱን አልገለጸም እንጂ። ፎርሙ ላይ ግን «አንክል» ብለው እንዳይሞሉ አደራ። ደሴ ውስጥ ሰነድ ስተረጉም ሰው ከሁሉም በላይ የሚቸገረው በዝምድና ቃላት ስለሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

እንግሊዝኛ የሥጋ ዝምድናን የሚቆጥረው ሁለቱ ሰዎች ከሚገናኙበት የጋራ ወላጅ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ወላጅ ማግኘት ነው። የእናትዎ አያትና የሰውየው አያት ወንድምና እህት ከሆኑ፣ የምትገናኙት በእነዚያ በሁለቱ ወላጆች ነው። ከእነሱ ወደ ታች እንውረድ። በእርስዎ በኩል የእናትዎ አያት አንድ፣ የእናትዎ ወላጅ ሁለት፣ እናትዎ ሦስት፣ እርስዎ አራት። በእሱ በኩል አያቱ አንድ፣ ወላጁ ሁለት፣ እሱ ራሱ ሦስት። አሁን አራትና ሦስት የሚሉ ሁለት ቁጥሮች በእጅዎ አሉ። አነስተኛውን ይውሰዱና አንድ ይቀንሱለት፤ ሁለት ይቀራል። «ሰከንድ ከዚን» የተባለው ለዚህ ነው። ከዚያ የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ይዩ፤ አንድ ነው። «ዋንስ ሪሙቭድ» የሚለው ይህንን የአንድ ትውልድ ልዩነት ይናገራል። ልዩነቱ ሁለት ቢሆን «ትዋይስ ሪሙቭድ» ይባል ነበር።

ሙሽራዋን በዚያው መንገድ ይቁጠሯት። አባትዋ ሦስተኛ ስለሆነ እሷ አራተኛ ናት፤ እርስዎም አራተኛ ነዎት። ልዩነት ስለሌለ «ሪሙቭድ» የሚለው ቃል አያስፈልግም፤ ከአራት አንድ ሲቀነስ ሦስት ነውና ሰርድ ከዚን ናት። የእርስዎ ልጆችና ነገ እሷ የምትወልዳቸው ልጆች ፎርዝ ከዚን ይሆናሉ። እናትዎና ሰውየው ደግሞ ሁለቱም ሦስተኛ ስለሆኑ ሰከንድ ከዚን ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ይያዙልኝ፤ ለደብዳቤው ትጠቅመናለች።

ይህ አቆጣጠር ከሩቅ የመጣ ቢመስልም የእኛ ሽማግሎች ጋብቻ ሲታሰብ «በስንት ቤት ይገናኛሉ?» ብለው የሚቆጥሩት ቆጠራ የቅርብ ዘመድ ነው። ወንድማማቾቹን አንደኛ ቤት፣ ልጆቻቸውን ሁለተኛ ቤት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሦስተኛ ቤት ብለው ለሚወርዱ ሽማግሎች የእንግሊዝኛው ቁጥር ሁልጊዜ በአንድ ያንሳል። ሁለተኛ ቤት ፈርስት ከዚን ነው፤ ሦስተኛ ቤት ሰከንድ ከዚን ነው፤ ሰባተኛ ቤት የደረሱት ሲክስዝ ከዚን ናቸው። ልዩነቱ የመጣው እንግሊዝኛ ወንድምና እህትን ከቁጥሩ ውጭ አድርጎ አንድ ማለት የሚጀምረው ከልጆቻቸው ስለሆነ ብቻ ነው። ሽማግሎቻችን «በዚህ በኩል ሦስት ቤት፣ በዚያ በኩል አራት» ሲሉ ደግሞ ያ ነው ዋንስ ሪሙቭድ።

የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም በአንድ ወቅት ጋብቻን እስከ ሰባተኛ ትውልድ ትከለክል ነበር፤ ቆጠራውም እንደኛው ከጋራ ወላጅ ወደ ታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ የተባለው የሮም ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ክልከላውን ወደ አራት ትውልድ አወረደው። እንግሊዝ ከሮም ከተለየች በኋላ ደግሞ በ1540 በወጣ ሕግ የአጎትና የአክስት ልጆች እንዲጋቡ ተፈቀደ። በሸሪዓም የአጎትና የአክስት ልጅን ማግባት የተፈቀደ ነው። ይህንን የማነሣው በወሎ አንዱ ወገን ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም የሆነበት ቤተሰብ ብዙ ስለሆነና አንዱ ጥብቅ አድርጎ የሚቆጥረውን ቤት ሌላው ላይቆጥረው ስለሚችል ነው። እንዲያ ባለ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ስትጽፉ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌ ጠይቁ።

ስለ ደረጃ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከአውሮፓ የውርስ ወረቀት የመጣለት ሰው «ፎርዝ ዲግሪ» የሚል አንብቦ ፎርዝ ከዚን ሊመስለው ይችላል። ከሮማ ሕግ በወረደው አቆጣጠር ደረጃ የሚቆጠረው ከአንዱ ሰው ወደ ጋራ ወላጅ ወጥቶ ወደ ሌላው በመውረድ ነው። ስለዚህ ወንድምና እህት ሁለተኛ ደረጃ፣ የወንድማማች ልጆች አራተኛ ደረጃ ይሆናሉ። በዚያ ወረቀት ላይ አራተኛ ደረጃ የተባለው ከዚን በእንግሊዝኛው የዘወትር አጠራር ፈርስት ከዚን ነው፤ በፎርዝ ከዚን ቢተረጎም ግን ባለጉዳዩ ባይተዋር ይሆናል፤ ውርሱንም ሊያጣ ይችላል።

ወደ «ሪሙቭድ» ልመለስ። «የተወገደ» ወይም «የተነሣ» ተብሎ ሲተረጎም ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ሰውን ከዘመዱ የሚያስወጣ ያስመስለዋል። ቃሉ የሚናገረው የትውልድ ርቀትን ብቻ ነው። እውነተኛ ጉድለት ግን አለበት፤ ርቀቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይነግረንም። የአባቴ የአጎት ልጅ ፈርስት ከዚን ዋንስ ሪሙቭድ ነው። የአጎቴ የልጅ ልጅም ፈርስት ከዚን ዋንስ ሪሙቭድ ነው። በእኛ ቤት እነዚህ ሁለቱ በፍጹም አንድ አይደሉም፤ አንደኛው ሲገባ እኔ ተነሥቼ መደብ እለቅለታለሁ፣ ሁለተኛው ተነሥቶ ለእኔ ይለቃል። የአባቴን የአጎት ልጅ አጎቴ እለዋለሁ፤ ያም በአባቴ ትውልድ ላይ ስላለ ነው። እርስዎም ሰውየውን አጎቴ ያሉት በእናትዎ ትውልድ ላይ ስላለ ነው እንጂ በልማድ ስሕተት አይደለም። በቤት ውስጥ ትክክለኛው መጠሪያ እሱ ነው፤ ሠርጉ ላይ ሲያገኙትም አጎቴ ይበሉት። «ሰከንድ ከዚን ዋንስ ሪሙቭድ» ብሎ የሚጣራ እንግሊዛዊም ሆነ አሜሪካዊ የለም፤ እነሱ በስም ይጠራራሉ፣ ለሦስተኛ ወገን ሲያስረዱ ደግሞ «ከዚኔ» ብለው ያልፋሉ።

ወረቀት ሌላ ነው። በፎርም ላይ አንክል ማለት የአባት ወይም የእናት ወንድም፣ ቢበዛም የአክስት ባል ነው። እርስዎ አንክል ብለው ሞልተው ሰውየው በደብዳቤው ከዚን ካለ፣ መርማሪው የሚያየው ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዝምድና የተለያየ ነገር መናገራቸውን ነው። የኛን የአክብሮት አጠራር ሊያውቅልን አይገደድም። ደግሞም ምንም የሚያስገኘው ጥቅም የለም። የአሜሪካ ዜጋ ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹ፣ ለወላጆቹና ለወንድም እህቶቹ ነው፤ አጎትም፣ የወንድም ልጅም፣ አያትም በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለጉብኝት የሚሞላው ዲኤስ-160 ደግሞ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ቤተሰብ እንዳለዎት ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ የቅርብ የሚላቸው እጮኛን፣ የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ወንድምን ወይም እህትን ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስዎ ሌላ ሰው ከሌለዎት «የለም» ነው። ቀጥሎ ሌላ ዘመድ እንዳለዎት ይጠይቃል፤ እዚያ «አዎ» ይበሉ። የሚያገኙትን ሰው ዝምድና ሲጠይቅ «ዘመድ» የሚለውን ምርጫ ይምረጡ። ቃለ መጠይቅ ላይ ምንህ ነው ቢባሉ ቃሉን ከመሸምደድ ይልቅ መንገዱን ይናገሩ፤ «የእናቴ አያትና የእሱ አያት ወንድምና እህት ናቸው»። አንድም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ከዚያ በኋላ ስያሜውን ራሱ ጠያቂው ያወጣዋል።

ይህ ምክር ለእርስዎ ብቻ አይደለም። የዝምድና ወረቀት የምታዘጋጁ ሁሉ ቃሉንም መንገዱንም ጻፉ፤ አንዱን ብቻ መጻፍ ግድ ከሆነ መንገዱን ምረጡ። ከዚን የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ ራሱ ሲንከራተት የኖረ ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የነበረው እንግሊዝኛ የአባት ወንድምን በአንድ ቃል፣ የእናት ወንድምን በሌላ ቃል ይጠራ ነበር፤ የአባት እህትና የእናት እህትም እንዲሁ የየራሳቸው ቃል ነበራቸው። አንክል፣ አንት እና ከዚን ከፈረንሳይኛ ገብተው ያንን ልዩነት ደፈኑት። አንክል ከላቲን ሲነሣ የእናት ወንድም ብቻ ነበር፤ ከዚን ደግሞ መነሻው የእናት እህት ልጅ ነው። በ1600 አካባቢ የነበረ እንግሊዛዊ የወንድሙን ልጅም ከዚን ሊለው ይችል ነበር። ዛሬ የወንድም ወይም የእህት ልጅ የሚጠራበት ኔፊው የሚለው ቃልም በዚያ ዘመን የልጅ ልጅን ጭምር ይጠራ ነበር። የድሮ ደብዳቤ ወይም የድሮ ኑዛዜ የምትተረጉሙ እነዚህን ቃላት ዛሬ ባላቸው ትርጉም እንዳትጨብጡ።

አሁን አንድ ነገር እናትዎን መጠየቅ ይኖርብዎታል። ወንድምና እህት የተባሉት ሁለቱ አያቶች በአባትም በእናትም አንድ ናቸው? በአገራችን አባት ከአንድ በላይ ሚስት ሊኖረው ይችላል፤ እናትም ባሏ ሲሞት ወይም ስትፋታ ሌላ ታገባለች፤ ልጆቹ ግን አብረው ስለሚያድጉ «ወንድሜ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያነሡም፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙት «ሀፍ» የሚል ቅጥያ ይጨመርባቸዋል፤ ቅጥያውም ወደ ታች ሁሉ ይወርዳል። ሁለቱ አያቶች በአባት ብቻ የሚገናኙ ከሆነ እርስዎና ሰውየው «ሀፍ ሰከንድ ከዚን ዋንስ ሪሙቭድ» ናችሁ። ለጉብኝት ቪዛ ይህ ማንንም አያሳስብም። ለውርስ፣ ለዘረ መል ምርመራ ወይም ለሕክምና ታሪክ ግን ያሳስባል።

ስለ ዘረ መል ካነሣሁ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ምራቃቸውን ልከው ውጤት ሲመጣላቸው ወደ ወሎ እየደወሉ «ይህ ሰው ማነው?» የሚሉበት ጊዜ ስለሆነ ጥቂት ልበል። ፈርስት ከዚን በአማካይ 12.5 በመቶ የሚሆን ዘረ መል ይጋራሉ፤ ሰከንድ ከዚን 3.1 በመቶ ያህል፤ እርስዎና ሰውየው 1.6 በመቶ ያህል ልትጋሩ ትችላላችሁ። ችግሩ የተለያየ ዝምድና ተመሳሳይ መጠን መስጠቱ ነው። ፈርስት ከዚን ዋንስ ሪሙቭድም ሀፍ ፈርስት ከዚንም በአማካይ 6.25 በመቶ ይጋራሉ። አጎትም፣ አያትም፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ወንድምም 25 በመቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ «ከሰከንድ እስከ ሰርድ ከዚን» ብሎ በደፈናው ሲጽፍ አውቆ አልሸሸም፤ ከመጠኑ ብቻ ከዚህ በላይ መለየት አይቻልም። የሚለየው የአያቶችን ስም የሚያውቅ ሰው ነው። ሰርድ ከዚን ከሆኑ ሰዎች መካከል ደግሞ ምንም የሚታይ የጋራ ዘረ መል የማይገኝባቸው አሉ፤ ያ ዝምድናውን ሐሰት አያደርገውም።

ስማችን ራሱ ምስክር መሆን ይችላል፤ ግን በአንድ መስመር ብቻ። የውጭ ሰው ዘመዳሞች የአንድ ቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው ይጠብቃል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ፓስፖርታቸው ላይ ሦስተኛው ስም አንድ ይሆናል፤ ይህ ፈርስት ከዚን መሆናቸውን ያሳያል። የወንድ የልጅ ልጆች ከሆኑ ደግሞ አራተኛው ስማቸው ይገጥማል፤ ያ ሰከንድ ከዚን ነው፤ ፓስፖርቱ ግን ሦስት ስም ላይ ስለሚያበቃ አይታይም። በመካከል አንዲት ሴት ከገባች ሰንሰለቱ ይቋረጣል። የእርስዎ ዝምድና በእናትዎና በእናትዎ አያት በኩል ስለሆነ የእርስዎና የሰውየው ስም በየትም አይገናኝም። ይህንን አስቀድመው ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ስም አለመመሳሰሉ ብቻውን ጥርጣሬ ሲያስነሣ አይቻለሁ።

ወደ ላይ የሚወጣውን ስም በተመለከተ እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ከአያት በላይ «ግሬት» እየደረበ ይሄዳል፤ ቅድመ አያት አንድ ግሬት፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ግሬት። እኛ ዘንድ ከቅድመ አያት በኋላ ቅም አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያሉ የሚወጡት ስሞች ቅደም ተከተላቸው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ በሰነድ ላይ «የቅድመ አያቴ አባት» እያላችሁ ብትጽፉ ተርጓሚው አይሳሳትም። የአያት ወንድም ግሬት አንክል ይባላል፤ ግራንድ አንክል የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም አንድ ሰው ነው። የእናትዎ አያት ወንድም የሆኑት የሰውየው አያት ለእርስዎ ግሬት ግሬት አንክል ናቸው።

በጋብቻ የሚመጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። ዋርሳ ወንድ ከሆነ ብራዘር ኢን ሎው፣ ሴት ከሆነች ሲስተር ኢን ሎው ነው። አማት፣ አማችና ምራትም ቀጥተኛ ቃል አላቸው። «ኢን ሎው» ግን ወደ ሩቅ አይዘረጋም፤ የሚስትዎ የአጎት ልጅ «የሚስቴ ከዚን» እንጂ ከዚን ኢን ሎው ተብሎ በፎርም አይጻፍም። እንጀራ አባትና እንጀራ እናት «ስቴፕ» ይባላሉ፤ በሥጋ የማይገናኙ ናቸውና ከ«ሀፍ» ጋር እንዳይምታታባችሁ።

አበልጅ ግን ቆም ብሎ የሚታይ ነው። የክርስትና አባት ለልጁ ጎድፋዘር ነው፤ የልጁ ወላጆችና የክርስትና አባቱ እርስ በርሳቸው አበልጅ የሚባባሉበት ዝምድና ግን በዛሬው እንግሊዝኛ ስም የለውም። ድሮ ነበረው። በጥንቱ እንግሊዝኛ በእግዚአብሔር የተገኘ ዘመድ ማለት የሆነ ቃል ነበር፤ ሰዎች ክርስትና ላይ ተሰብስበው ከሚያወሩት ወሬ ጋር እየተያያዘ ሄዶ ዛሬ ጎሲፕ፣ ማለትም ሐሜት፣ ሆነ። አበልጅነት በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ክብሩን እንደያዘ ስላለ፣ ስትተረጉሙ አጭር ቃል አትፈልጉለት፤ «የልጄ የክርስትና አባት» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። የጡት ልጅና የጡት ወንድምም እንዲሁ በሙሉ ይጻፉ፤ በእስልምና የጡት ዝምድና ጋብቻን የሚከለክል ከባድ ዝምድና ቢሆንም የቪዛ ፎርም ቦታ አልሰጠውም።

የዘር ሐረግ ሳዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ ቅርንጫፍ አለ። በ1977 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከወሎ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር ወይም ወደ ፓዊ በሰፈራ የሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻቸው ዛሬ የት እንዳሉ ቤተሰቡ የማያውቃቸው ብዙ ናቸው። የእርስዎም ቤተሰብ እንዲህ ያለ ክፍተት ካለው፣ እናትዎ በሕይወት እያሉ የእነዚያን የአያቶቻቸውን ወንድሞችና እህቶች ስም በየተራ ያስጽፏቸው። ከዚን መቁጠር የሚቻለው እዚያ ረድፍ ላይ ያሉት ስሞች ሲታወቁ ብቻ ነው።

ለደብዳቤው ዘመድዎ ከዚን የምትለዋን ቃል አውጥቶ በእሷ ቦታ ይህንን ያስገባ፦ «ተጋባዡ የሰከንድ ከዚኔ ልጅ ነው፤ የእኔ ወንድ አያትና የእናቱ ሴት አያት ወንድምና እህት ናቸው።» እናትዎ ሰከንድ ከዚኑ ስለሆኑ አባባሉ ልክ ነው፤ «ሪሙቭድ» ከሚለው ይልቅም ለማንኛውም አንባቢ ይገባል። ሁለቱ በአባት ብቻ የሚገናኙ ሆነው ከተገኙ «በአባት» የሚል ቃል ይጨመርበት። እርስዎም ዲኤስ-160 ላይ የሞሉትና የእሱ ደብዳቤ አንድ ነገር መናገራቸውን ከማስገባትዎ በፊት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ።